ጆሮው አልደርቅ ያለ ውሻ

ውሻ ጆሮውን ሲታመም መጀመሪያ የሚነግረን አፍንጫችን ነው። የከረመ ሊጥ ዓይነት ሽታ ነው፤ ሆምጠጥ ያለ፣ ገና ከበር ሲገቡ የሚቀበል። ከዚያ ራስ ማራገፉ ይከተላል። ያ ረጅም ጆሮው ጧ! ጧ! እያለ ፊቱን በጥፊ ሲመታው ግቢው ውስጥ እርጥብ ልብስ የሚያራግፍ ሰው ያለ ይመስላል። ቀጥሎ ራሱን ወደ አንድ ጎን ጣል አድርጎ ይቆማል፣ የማያውቀውን የተጠየቀ ተማሪ መስሎ። እኔም “በቃ፣ መጣብን ደግሞ!” እላለሁ። ለማን ነው የምትናገሪው የሚለኝ ካለ ለሱው ነው፤ ሌላ ማን አለና።

ውሻው የኔ አልነበረም። ከጎኔ ያለችውን ክፍል የተከራየ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር “ለአንድ ሳምንት ብቻ ያዢልኝ፣ አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ” ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ለካ ሰውየው ዝውውር አግኝቷል። ያቺ ሳምንት እስከ ዛሬ አላለቀችም። ምን ቆርጦኝ እሺ እንዳልኩት እንጃ! እኔ ባደግኩበት ደብረ ማርቆስ ውሻ የአጥር ነው፤ ቤት ከገባ ጸበል ያስረጫል። ይሄኛው ደግሞ የፈረንጅ ዘር ተቀላቅሎበት ጆሮው እንደ ጎመን ቅጠል የተንጠለጠለ፣ ውስጡ ጠጉር የሞላበት ነው። የዚህ የወላይታ ሶዶ ውሻ ጆሮው ቀጥ ያለ ስለሆነ ነፋስ ያገኘዋል። የኔው ጆሮ ግን ክዳን አለው፣ ክዳን ያለው ነገር ደግሞ ይታፈናል።

ስለ ብቸኝነቴም ልናገርና ልገላገል። ሶዶ ከተመደብኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነው። ክፉ ሰው አላጋጠመኝም፣ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ባልደረቦቼ በወላይትኛ ሲሳሳቁ ይቆዩና እኔ ስገባ በትሕትና ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ሲዞሩ ግን ሳቁ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔን ብለው ነው የሚዞሩት፣ ምን ብዬ ልቆጣ? ግን ሰው እስከ መቼ እንግዳ ሆኖ ይኖራል! ወላይትኛ ልማር ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ሁለት ቃል ስናገር በደስታ ያጨበጭቡልኛል፣ ማጨብጨባቸው አሳፍሮኝ ተውኩት። ከቢሮ ስወጣ ቃል የሚለዋወጠኝ የለም። ውሻው ግን ያዳምጠኛል። ስናገር ያ የተንጠለጠለ ጆሮው ከሥሩ ብድግ ይላል። ስለ አለቃዬ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ከሞተች ስለቆየችው እናቴ፣ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ለሰው የውሻ ጆሮ ነው፤ ለኔ ግን የቀረኝ ሰሚ እሱ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የታመመ ጊዜ ባጃጁ “ውሻ አልጭንም፣ እህቴ” አለኝ። ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው። በእግራችን ሄድን። የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ በበሬና በላም ተሞልቷል፤ ውሻ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልሆነ በስተቀር እዚያ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። ላም ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቁኝ። “ጆሮውን አሞት” ስላቸው ውሻውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ “እግዚአብሔር ይማረው” ብለው ወደ ላማቸው ዞሩ። እየሳቁብኝ ይሁን እየጸለዩልኝ አላወቅኩም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ እንደኔው ከሌላ አገር የተመደበ። ከጆሮው ውስጥ ያንን ቡናማ ቆሻሻ በጥጥ ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየና “እርሾ ነው” አለኝ።

“እርሾ? የሊጥ እርሾ?”

“የሱ ዘመድ በይው። ጤነኛ ውሻ ቆዳ ላይም አለ። ሙቀት፣ እርጥበትና ቅባት ሲያገኝ ነው የሚፈላው።”

ከዚያ አስተጣጠቡን አሳየኝ። ማጠቢያውን ጆሮው ውስጥ እስኪሞላ ማፍሰስ፤ ከጆሮው ሥር ይዞ ማሸት፣ ጭቅ ጭቅ የሚል ድምፅ እስኪሰማ፤ ከዚያ ለቆ ራሱ እንዲያራግፈው ማድረግ፤ የወጣውን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፤ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ፈጽሞ አለማስገባት፤ መጨረሻ ላይ ጠብታውን መጨመር። የተሻለው ቢመስልም እሱ ሳያየው መድኃኒቱን አለማቆም። “ከተመላለሰበት” አለኝ ጓንቱን እያወለቀ፣ “የጆሮው ቧንቧ እያበጠ እየጠበበ ይሄዳል። መጨረሻው መደንቆር ነው።” ይቺን የመጨረሻዋን ቃል እንደ ቀላል ነገር ነበር የተናገራት። እኔ ግን እስከ ቤቴ ተሸክሜያት ሄድኩ።

እንዴት ያለ ትግል ነበር፣ እናንተዬ! ጠርሙሱን ከመሳቢያ ሳወጣ ድምፁን ሰምቶ አልጋ ሥር ይገባል። እኔ በሆዴ ተኝቼ እጎትታለሁ፣ እሱ አራት እግሩን ሲሚንቶው ላይ ይተክላል። “ና አንተ ሌባ፣ ለራስህ ብዬ ነው!” እለዋለሁ። ጭኔ መሀል አጣብቄ ሳፈስበት እንደ ተበደለ ሰው ያቃስታል፣ ከዚያ ያራግፈዋል፣ ያ ሁሉ ቆሻሻ ፊቴ ላይ። ቀሚስ አልቀረኝም። ግን ሠራሁት፤ አንድም ምሽት አላጎደልኩም። ሽታው ጠፋ፣ ጆሮው ደረቀ፣ ሐኪሙም አይቶ “ጎበዝ” አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ።

“አቋርጠሽ ነው?” አለኝ ሐኪሙ።

“እኔ? እኔን ነው አቋረጥሽ የምትለኝ?” ጮህኩበት መሰለኝ፤ አንድ በሬ ዘወር ብሎ አየኝ።

መድኃኒቱን ቀየረ። እንደገና ዳነ፣ እንደገና መጣ። ምግቡ ይሆናል ተባለና ሥጋ ከለከልኩት። ሶዶ ላይ ውሻን ሥጋ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቁርጥ ቤቶቹ ፊት ለፊት ሳልፍ ገመዱን ይዞ የሚጎትተው እሱ ነው፣ የምጎተተው እኔ ነኝ። ስኳር ድንችና እንቁላል እያበላሁ ከረምኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። የጎረቤት ዘበኛ “ጆሮውን ቁረጪው፣ ነፋስ ይግባለት። ኃይለኛም ይሆናል” ብሎ መከረኝ። ያንተ ይቆረጥ አልኩት፣ በሆዴ። ቢሮ ደግሞ አንዷ “ውሻ እኮ ነው፣ ምን እንዲህ ያደርግሻል?” አለች። መልሱን ብነግራት ታዝንልኝ ነበር፣ ማዘኗን ደግሞ አልፈለግኩም።

አሁን ስለ አከራዬ ልናገር። ዋናው ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ባል የሞተባቸው የወላይታ እናት ናቸው፤ ልጆቻቸው አንዷ ቦዲቲ፣ ሌሎቹ አዲስ አበባና ዐረብ አገር ናቸው። እኔ ከጓሮ ነው የምኖረው። ስመጣ ሰሞን ጠዋት ጠዋት “እንዴት አደሩ፣ እማማ?” እል ነበር። አንዳንዴ ይመልሳሉ፣ አንዳንዴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ዝም ብለው መጥረጋቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ደግሞ የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ሰላምታዬ መሬት ሲወድቅ አልወድም። ኩራት ነው አልኩና እኔም ተውኩት። የመዝሙር ቴፓቸውን ከጠዋት ጀምሮ እስከ አስፋልቱ እንዲሰማ አድርገው ይከፍቱታል፤ ቅዳሜ እንኳ እንቅልፍ የለም። ለእልህ ነው አልኩ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ኖርኩ። በአንድ ግቢ፣ በአንድ በር እየገባን እየወጣን፣ ዓመታት ሄዱ።

ለገና ሰሞን የቦዲቲዋ ልጃቸው ወለደችና ሊያርሷት ሄዱ። ግቢው ጸጥ አለ። በዚያው ሰሞን የውሻዬ ጆሮ ደረቀ። እንዴት ያለ ድርቀት! ውስጡ ሮዝ ሆነ፣ ጠረኑ የሰላም ሆነ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ምንም የለም። ሐኪሙ “በጋው ነው፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን እርሾው ይሞታል” አለ፤ አመንኩት፣ ያመኑት ደስ ይላል። ውሻዬ ያኔ የምመጣባት ባጃጅ ገና መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ለይቶ እየሰማ በሩን በጥፍሩ ይቧጥጥ ነበር። ከቢሮ ስወጣ እርምጃዬ የሚፈጥነው ለዚያ ነበር። ሳላፍር ልናገረው፣ ደስተኛ ነበርኩ።

ሁዳዴ ሲገባ እማማ ከቦዲቲ ተመለሱ፣ መዝሙሩም አብሮ ተመለሰ። ጾሙ ገና ሳይጋመስ ያ ሽታ ከበር ተቀበለኝ። ዝናብ የለ፣ ውኃ የለ፣ ገላውን እንኳ አላጠብኩትም! ክሊኒክ ስንደርስ ሐኪሙ ጆሮውን ገለበጠ። መብራቱን አስገብቶ አየ፣ ደግሞ አየ። “ግራው ተዘግቷል ማለት ይቻላል” አለኝ። “ቀኙ ገና ክፍት ነው። ቀዶ ጥገና ቢባል እዚህ የለም፣ ያለበትም ቢደርስ መስማቱን አይመልስለትም። ይሄን ጊዜ ካላዳንነው ቀኙም ይሄዳል።” ቤት ስንገባ ቀኝ ጆሮው ውስጥ አፌን አስጠግቼ “አይዞህ” አልኩት። ጅራቱን አወዛወዘ፣ ተመስገን፣ ሰምቷል።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓርብ ከቢሮ ገብቼ ሳቅፈው ቅቤ ሸተተኝ። የምጾም ሰው ነኝ፣ ቤቴ ውስጥ ቅባት የሚባል ነገር ከገባ ቆይቷል። ጾሙ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ እንዴ? ደግሜ አሸተትኩ። ኮሰረት የገባበት፣ የተነጠረ፣ የወላይታ ቅቤ! ያውም የሚሸተው ከጆሮው ነው። ጣቴን ብሰድ ወዝ ሆኖ ወጣ። በስመ አብ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው፤ ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ያ ሁሉ ምሽት ጭኔ መሀል ይዤ ሳጥብ፣ ቀን ቀን አንድ ሰው ቅባት ሲመግብልኝ ኖሯል ማለት ነው። የሚቀጥለው ሰኞ ራሴን አሞኛል አልኩና ከረፋዱ ከቢሮ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የምናገረውን ሳዘጋጅ መጣሁ። ከሚገባው በላይ አዘጋጀሁ።

መዝሙሩ ግቢውን ሞልቶታል። እማማ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው በረንዳቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ጠርሙሱን ሳወጣ አልጋ ሥር የሚገባው ውሻዬ ጭናቸው ላይ ጋደም ብሎ ጆሮውን ሰጥቷቸዋል፣ በገዛ ፈቃዱ! ቀናሁ፣ ምን እደብቃለሁ። በትንሽ ሲኒ የቀለጠ ቅቤ ይዘዋል። ጥጡን ነክረው ጠብ ጠብ አደረጉለት፣ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ የራሳቸውን አንገት ዘመም አድርገው ከዚያው ሲኒ የራሳቸው ጆሮ ውስጥ አንጠበጠቡ። ጥጡን ወተፉበት። ወደ ሌላኛው ጆሯቸው ዞሩ።

“እማማ! ምን እያደረጉ ነው!” ብዬ ጮህኩ።

አልዞሩም። ጠጋ ብዬ ደግሜ ጮህኩ። ከዚያ የውሻዬን ስም ጠራሁ፣ በማውቀው ድምፅ ሁሉ፣ በቁጣም በልመናም። እሱም አልዞረም። እዚያው ከጀርባቸው ቆምኩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፣ እኔ ግን ጉዱን በዓይኔ ነበር ያየሁት፦ ዓመታት ሙሉ ሰላምታዬን ንቀውታል ያልኳቸው ሴት አይሰሙም ኖሯል።

ዞሬ ከፊታቸው ስቆም ሁለቱም ደነገጡ፤ ከዚያ ሁለቱም ደስ አላቸው። “ሳሮ፣ ሳሮ!” ብለው በወላይትኛ ሰላም አሉኝ። “ልጄ፣ ዛሬ ቶሎ መጣሽ?” ሲኒውን አንስተው አሳዩኝ። “ጆሮው ታመመች፣ ምስኪን። አንቺ ሥራ ትሄጃለሽ፣ እሱ ራሱን ያንቀጠቅጣል። እኔ አውቃለሁ። የኔም እንደዚህ ነው የጀመረው።”

አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር የት እንደገባ አላውቅም።

“የሱቅ አይደለም” አሉ፣ ቅቤውን የናቅኩባቸው መስሏቸው። “የመስቀል ነው።” የወላይታ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ በቡድን ቅቤ እያዋጡ ለመስቀል ያስቀምጣሉ፤ ልጅ ከሩቅ ሲመጣ የሚቀርበው እሱ ነው። የሳቸው ልጆች ለመስቀል አልመጡም ነበር። ከማሰሮው የተረፈውን ነው ለውሻዬ ሲያካፍሉ የከረሙት።

“ጆሮ ሲዘጋ መጥፎ ነው፣ ልጄ” አሉኝ። “ሰው ይመጣል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ አንቺ አልሰማሽም። ሁለቴ ሦስቴ ይሞክራል። ከዚያ እሱም ይተዋል። አንቺም ድሮ እንዴት አደሩ ትይ ነበር። እኔ አፍሽን ሳይ ነው የማውቀው። በኋላ ተውሽ። ተቆጣች፣ ምን በደልኳት ብዬ ጸለይኩ።”

አለቀስኩ። እሳቸው ለውሻው ያለቀስኩ መስሏቸው “ይድናል፣ ይድናል፣ ጌታ አለ” እያሉ በቅቤ እጃቸው ጉልበቴን ያሹኛል።

ቅቤው እንደሚጎዳው መንገር ነበረብኝ። ግን ለወላይታ እናት ቅቤ ጎዳ ብሎ እንዴት ይነገራል? አራስ የሚጠገነው በቅቤ፣ ሙሽራ የምትወጣው በቅቤ፣ እንግዳ የሚከበረው በቅቤ። በዚያ ላይ ጮክ ብሎ ነው የሚነገረው፤ ሹክ የሚባልበት ጆሮ የለም። መጨረሻ ላይ ሲኒውን ይዤ፣ ወደ ውሻው ጆሮ እያመለከትኩ፣ “ሐኪሙ ከልክሏል! ቅቤ አይሆንለትም! በሽታው ቅባት ይወዳል!” ብዬ ጮህኩ። መዝሙሩን አልፌ ጎረቤት ሳይሰማኝ አልቀረም። ከንፈሬን እያዩ ቆዩ። ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት።

“እኔ ነኝ እንዴ?” አሉ በቀስታ።

“አይደሉም! ከእርስዎ በፊት ነው የጀመረው!” አልኩ። ይሄ ውሸት አይደለም፣ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ሲኒውን ከእጄ ወስደው ክዳን ፈልገው ከደኑት፣ ከዚያ የውሻውን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው በወላይትኛ የሆነ ነገር አሉት። ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙም፣ እማማም፣ እኔም አንድ ላይ ታገልን። ሐኪሙ ውስጥ የረጋውን ቅባት ደጋግሞ አጠበ። ማታ ማታ እኔ አፈስሳለሁ፣ እማማ ራሱን ይዘውልኝ ያሻሉ፤ በሳቸው እጅ ሲሆን አይታገልም። እኔም ቀኙ ካበጠበት ሲመለስ ይሰማል እያልኩ እጠብቅ ነበር። ፋሲካ አልፎ ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና መቆለል ሲጀምር ጆሮው ደረቀ። ዝናቡ መጣ፣ ያኔም ደረቅ ነበር። ሽታ የለ፣ ማራገፍ የለ። የመጨረሻ ቀን ሐኪሙ ከውሻው ኋላ ቆሞ የብረት ሳሕን በመቀስ መታ። ውጭ የታሰሩት ላሞች ሁሉ ቀና አሉ። ውሻዬ እኔን እያየ ጅራቱን ይወዘውዛል። ሐኪሙ ሌላም ጊዜ መታ፣ ከዚያ ሳሕኑን አስቀመጠው። “በሽታው ወደ ውስጠኛው ጆሮ አልፎ ነበር” አለኝ። “ጆሮው ድኗል። መስማቱ ግን አይመለስም።” እማማንም ሆስፒታል ወስጄአቸው ነበር፤ የሳቸውን ደግሞ የዕድሜ ነው አሉን።

አሁን ከቢሮ ስመጣ ሁለቱ በረንዳው ላይ ናቸው፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው። ልማድ ሆኖብኝ ዛሬም እጣራለሁ። ድምፄ ግቢውን ዞሮ ራሴ ጋ ይመለሳል። ድንገት ከኋላቸው ከመጣሁ ይደነግጣሉ፤ ስለዚህ ቦርሳዬን ይዤ በግቢው ዳር በጽጌረዳው በኩል እዞርና ከፊታቸው ሄጄ እቆማለሁ፣ እስኪያዩኝ።